ለምንወደው ምን እንስጥ?
በሽቦ ቤት ስላለች በቀቀን ምንቃርና ምግብ፣ ስለ እኛም ኃላፊነት

ፍቅር መስጠት እንደሆነ ሁላችንም እንናገራለን። ይሁን እንጂ የምንሰጠው ነገር ለተቀባዩ የሚበጅ መሆን አለመሆኑን ሳንመረምር የሰጠን እንደሆነ፣ ስጦታችን ፍቅር ሊባል ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ወላጅን ከልጁ፣ መምህርን ከደቀ መዝሙሩ፣ አስታማሚን ከታማሚው ጋር በሚያገናኘው ጉዳይ ሁሉ የሚነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ብዙዎች ከቁም ነገር በማይቆጥሩት ትንሽ ጉዳይ ላይ ልንመረምረው አስበናል፤ ይኸውም በሰው ቤት ተዘግታ ስለምትኖር በቀቀን ምንቃርና ምግብ ነው። ትንሹን ጉዳይ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በትልልቁ ጉዳይ ላይ ጥቅማችን፣ ክብራችን ወይም ፍርሃታችን ፍርዳችንን ብዙ ጊዜ ያዛባዋል። ስለ አንዲት ወፍ ስንነጋገር ግን ከእርሷ የምንጠብቀው ብድራት ስለሌለ፣ ነገሩ ጠርቶ ይታየናል።

በአገራችን በቀቀንን በቤት የማሳደግ ልማድ የተስፋፋ አይደለም። ቢሆንም ወፊቱ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ግንባሯ ቢጫ የሆነችው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አትገኝም፤ ክንፈ ጥቁር የሆነችው ትንሽ የበቀቀን ወገንም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ትኖራለች። ከዚህም ሌላ በዐረብ አገሮችና በአውሮፓ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን፣ ልጆችንና አረጋውያንን ከመንከባከብ ጋር የቤቱን ወፍ የመመገብ ኃላፊነትም ሊጣልባቸው ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ አይመለከተንም ብለን የምናልፈው አይሆንም።

ምንቃሩ የሚመሰክረው

በቤት ከሚያድጉት በቀቀኖች መካከል ስመ ጥር የሆነችው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች የምትኖረው ግራጫ በቀቀን ናት። የሰውን ድምፅ አስመስላ በመናገሯ ትታወቃለች። ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ገዝተው ለ30 ዓመታት ያህል ያጠኑት አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የብዙ ዕቃዎችንና የቀለማትን ስም ለይቶ ይናገር፣ ጥቂት ቁጥሮችንም ያውቅ ነበር። ይህን ያህል የተማሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። በየቤቱ ያሉት በቀቀኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ከባለቤታቸው የሰሙትን ነው። ጠዋት «እንደምን አደርክ» ብላ የምትቀበለን ወፍ እርሷ ራሷ እንደምን እንዳደረች አልነገረችንም። ቃሉ ከእኛ የተዋሰችው ቃል ነው።

ይባስ ብሎም ወፎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ። በዱር የደከመ መስሎ የሚታይ ወፍ ለአዳኝ አሞራ ይጋለጣልና፣ በሽታው እስኪጸና ድረስ ደኅና መስሎ መታየት ተፈጥሯቸው ነው። በዚህ ምክንያት ዘወትር እያወራች የምታስቀን በቀቀን ለወራት ስትታመም ሳናውቅ ልንኖር እንችላለን። ዐይኑን ለከፈተ ሰው ግን ከአንደበቷ ይልቅ እውነቱን ከሚገልጡት አንዱ ምንቃሯ ነው።

ምንቃር ደረቅ ቀንድ ብቻ አይደለም። በውስጡ አጥንት አለ፤ በአጥንቱ ላይ ደም ሥርና የስሜት ሕዋስ ያለበት ሥጋ ይገኛል፤ ከላይ የሚሸፍነው ደግሞ የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ከኬራቲን የተሠራ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ዕድሜ ልክ ያድጋል። ወፊቱ ጠንካራ ፍሬ ስትሰብር፣ እንጨት ስታኝክ፣ ምንቃሯንም በቅርንጫፍ ላይ ስትፈትግ የበቀለው ያህል ይነሣል። የላይኛው ድርብ ጥቂት ጥቂት እየተላጠ መርገፉም የተለመደ ነገር ነው። ዕድገቱና መፋተጉ ሲመጣጠኑ ምንቃሩ ቅርጹን ጠብቆ ይኖራል።

ምንቃሩ ያለ ልክ ሲረዝም፣ ወደ አንድ ወገን ሲጣመም፣ ሲለሰልስ፣ ከተለመደው በላይ ሲቀረፍ፣ ወይም እንደ ሰንበር ያለ ጥቁር ምልክት ሲወጣበት ግን ከስተጀርባው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የሚታኘክ ነገር በማጣት ወይም በአደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በትንንሾቹ የበቀቀን ወገኖች ላይ ምንቃርን የሚቦረቡር በዐይን የማይታይ ተባይ አለ፤ ምንቃርንና ላባን የሚያጠፋ የቫይረስ በሽታም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ የጉበት ሕመምና የምግብ ጉድለት ነው። በወፎች ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ምንቃሩን ከመሞረዱ አስቀድሞ «ምን ትበላለች?» ብሎ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። ጉበቱ ሳይታከም የተስተካከለ ምንቃር ተመልሶ ይረዝማልና።

የሚጣፍጠውና የሚጠቅመው

ሐኪሙ ለጥያቄው የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ባለቤቱ የተቀላቀለ ጥራጥሬ በሳህን ያቀርባል፤ ወፊቱ ከዚያ ውስጥ የሱፍ አበባ ፍሬና ኦቾሎኒ እየለቀመች የቀረውን ትተዋለች፤ ባለቤቱም የምትወደው ይህን ነው ብሎ በማግሥቱ እርሱኑ ይጨምርላታል። ከተላጠው የሱፍ አበባ ፍሬ ግማሽ የሚሆነው ቅባት ነው። ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ቫይታሚን ኤ የለበትም ለማለት ይቻላል። ደን አቋርጦ ለመብረር የተፈጠረ አካል በአንድ ቆጥ ላይ ተቀምጦ ይህን ሲመገብ ከርሞ፣ ስቡ በጉበቱ ውስጥ ይከማቻል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል በአፍና በአፍንጫ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ይወፍርና ነጫጭ ነጥብ ያወጣል፤ በሽታም በቀላሉ ይገባበታል። ካልሲየም ሲያጥር ደግሞ በተለይ ግራጫዋ በቀቀን ትንቀጠቀጣለች፣ ከቆጧም እስከ መውደቅ ትደርሳለች። ካልሲየምን ከሰውነት ጋር የሚያዋሕደው ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ጨረር የሚገኝ ሲሆን፣ የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር ስለሚያግድ በመስኮት አጠገብ መቀመጧ ብቻ አይበቃትም።

ይህችው ወፍ በዱር ሳለች ከምትወዳቸው ምግቦች አንዱ የዘይት ዘንባባ ፍሬ ነው። የዚህ ፍሬ ቀይ ሥጋ ቅባት ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር የሞላበት ነው። ስለዚህ በዱር ያለችው ወፍ ቅባት ፈልጋ ስትበላ የሚያስፈልጋትን ቫይታሚንም ሳታውቀው ታገኛለች፤ ፍለጋው ራሱ በረራን ስለሚጠይቅ የበላችውን ታቃጥላለች፤ ወቅቱ ሲያልፍም ሌላ ፍሬና ቅጠል ለመብላት ትገደዳለች። በሽቦ ቤት ውስጥ ግን ምኞቷ እንዳለ ቀርቶ ምኞቷን ያርም የነበረው ሁሉ ተወስዷል።

እንግዲህ «ምርጫዋ ነው፤ ሌላ ብንሰጣት እንቢ ትላለች» የሚለው ማመካኛ የማይጸናው በዚህ ነው። ምርጫ የሚባለው መራጩ በነገሩ መጨረሻ ላይ ሥልጣን ሲኖረው ነው። ወፊቱ ሳህኑን አልሞላችም፤ በሩንም አልዘጋችም። እኛ ያዘጋጀነውን ሁኔታ የእርሷ ፈቃድ ብለን መጥራት፣ ከራሳችን ጫንቃ ላይ ያወረድነውን ሸክም ለደካማዋ ማሸከም ነው። ይህን የመሰለ አነጋገር በሰውም ዘንድ እንሰማለን። ጣፋጭ ብቻ ለሚጠይቅ ሕፃን ጣፋጭ ብቻ የሚሰጥ ወላጅ፣ የልጁን ፈቃድ አከበርሁ ቢል ያከበረው በእውነት የልጁን ፈቃድ ነውን? ወይስ ልጁ ሲያለቅስ ላለመስማት የፈለገውን የራሱን ምቾት?

ግዴታው ከወዴት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይገጥመናል። ሰው ለወፍ ግዴታ አለበት ሲባል ግዴታው በእርግጥ ለማን ነው? ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ምእተ ዓመት፣ አማኑኤል ካንትም በ18ኛው ምእተ ዓመት፣ በብዙ ነገር የተለያዩ ቢሆኑም በዚህ ነጥብ የተቀራረበ ሐሳብ አቅርበዋል። ይኸውም በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰው ላይም መጨከንን ይለምዳል፤ ለእንስሳ ርኅራኄ ማሳየትም ልብን ለሰው ልጅ ያለሰልሳል የሚል ነው። የዚህን ሐሳብ እውነትነት በየመንደራችን እናየዋለን።

ሆኖም ይህ ሐሳብ የያዝነውን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ለወፉ ጠዋትና ማታ የሱፍ አበባ ፍሬ የሚያቀርበው ሰው ጨካኝ አይደለም። በእጁ ያጎርሳታል፤ ስትጫወት ይደሰታል፤ ብትሞት ያለቅሳል። ልቡ አልደነደነም። ወፊቱ ግን እየታመመች ነው። ግዴታችን የገዛ ልባችንን መጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ያጎደለው የለም ልንል በተገደድን ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር እንዳጎደለ ኅሊናችን ይመሰክራል፤ ያጎደለውም ለራሱ ሳይሆን ለእርሷ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጀረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 በታተመ መጽሐፉ መመዘኛው የማሰብ ወይም የመናገር ችሎታ ሳይሆን ሥቃይ የመሰማት ችሎታ እንደሆነ ተከራክሯል። ይህም የወፊቱ ሕመም ከቁጥር የሚገባ ነገር መሆኑን ያሳየናል። ግን እርሱም ብቻውን አይበቃም። በደን ያለች በቀቀን ብትራብ ሥቃይ ይሰማታል፤ ቢሆንም ከመካከላችን ማንም ሰው መጋቢዋ ነው አንልም። በዱር ባለችውና በቤት ባለችው መካከል ያለው ልዩነት የሽቦው ቤት ነው። በሩን የዘጋ ሰው ወፊቱ የምትሻውን ፈልጋ የማግኘት ዐቅሟን ወስዷል፤ ስለዚህ ያ ዐቅም ይሰጣት የነበረውን ሁሉ የመስጠት ዕዳ በእርሱ ላይ ወደቀ። ይህ ዕዳ በመውደድ ብቻ አይከፈልም። ባለዕዳ አበዳሪውን ቢወድደው መልካም ነው፤ ዕዳው ግን በመወደዱ አልተከፈለም።

በድኻ ፊት ስለ ወፍ መናገር

«ሰው በሚራብበት ዓለም ስለ ወፍ ምግብ መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቁጥር 2415 እስከ 2418 ባለው ክፍል ሁለቱንም ወገን ይዟል። እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረት በመሆናቸው ቸርነት እንደሚገባቸው፣ ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየታቸውም ለሰው ክብር የማይስማማ መሆኑን ያስተምራል። በዚያው ስፍራ ደግሞ አስቀድሞ የሰውን ችግር ለማቃለል ሊውል የሚገባውን ገንዘብ በእንስሳት ላይ ማፍሰስ እንደማይገባ ይናገራል።

ሁለቱ ትምህርቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ስናጤናቸው ግን አንዱ ሌላውን ያጸናል። ስለ ድኻው የሚያስብ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህችን ወፍ መግዛት ያስፈልገኛልን?» የሚል ነው። ጥያቄው በመግዣው ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ ብዙዎችንም ከመግዛት ሊያግዳቸው ይገባል። ከገዙና በሩን ከዘጉ በኋላ ግን ድኻውን እያነሡ ወፊቱን ማስራብ ለድኻው የሚጨምርለት ነገር የለም። ደግሞም ለእርሷ የሚበጃት ምግብ ከሁሉ ይልቅ ውድ የሆነው አይደለም። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ቃሪያ በየማዕዱ የሚገኙ ናቸው። ብዙ ጊዜ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ማስተዋል ነው።

አለማወቅ ምን ያህል ያድናል?

«አላወቅሁም» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ መልስ ነው። ማንም ሰው የወፍ ሐኪም ሆኖ አልተወለደም። ሆኖም ማወቅ በማይቻለው ነገር ላይ ያለ አለማወቅና ጠይቆ መረዳት በሚቻለው ነገር ላይ ያለ አለማወቅ እኩል አይደሉም። ሕያው ፍጥረት በእጁ የያዘ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው መጠየቅ ነው። ለምሳሌ በማዕዳችን የተወደደው አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው፤ ቡናና ቸኮላትም እንዲሁ ይጎዷታል። ለእንግዳ ከሚቀርበው ሁሉ እያካፈለ የሚያጎርሳት ሰው በደግነቱ ሊገድላት ይችላል። ደግነቱ እውነተኛ ነው፤ ዕውቀት ግን ጎድሎታል።

በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችንስ? ወፊቱን አልገዛችም፤ የምግቡንም ዓይነት አትወስንም። ባልተሰጣት ሥልጣን ልትጠየቅ አይገባትም። ነገር ግን ከባለቤቶቹ ይልቅ ወፊቱን በየቀኑ የምታየው እርሷ ናት። የምንቃሩን መርዘም፣ የሳህኑን ሳይነካ መቅረት፣ የኩሱን መለወጥ አይታ «ይህች ወፍ ደኅና አይደለችም» ብትል የሚጠበቅባትን ፈጽማለች። ኃላፊነት በሥልጣን ልክ ይመዘናል፤ የመናገር ሥልጣን ግን ብዙውን ጊዜ ለትንሹም ሰው ይቀርለታል።

በተግባር ምን ይደረግ?

ስሕተትን ማረም ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። የሱፍ አበባ ፍሬ ለዓመታት የለመደችን ወፍ በአንድ ቀን ጎመን ብቻ ቢያቀርቡላት ምግብ መሆኑን ሳታውቀው ልትራብና ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ለወፎች ተመጣጥኖ የተዘጋጀው እንክብል መኖና አትክልቱ ከለመደችው ጋር ጥቂት በጥቂት እየተቀላቀለ፣ ፍሬውም እየተቀነሰ በሳምንታት ውስጥ መለወጥ ይኖርበታል፤ በየጠዋቱም በትንሽ ሚዛን ክብደቷን መመዘን ይገባል። ባለቤቷ ከአትክልቱ በፊቷ ሲበላ ብታይ እርሷም ለመቅመስ ትደፍራለች። ፍሬው ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም፤ አልፎ አልፎ እንደ ሽልማት ይሰጣታል። የምታኝከው ቀለም ያልተቀባ እንጨት ያስፈልጋታል። ጥላ ባለበት ስፍራ በመስተዋት ሳይሆን በቀጥታ የሚደርስ የፀሐይ ብርሃን ይጠቅማታል። ቫይታሚን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጨመር ግን አይገባም፤ ሲበዛም ይጎዳልና።

የረዘመውን ምንቃር በቤት ውስጥ በጥፍር መቁረጫ መቁረጥ ከሁሉ የከፋ ነው። ደም ሥርና የስሜት ሕዋስ አለበት ብለናል፤ ሲቆረጥ ይደማል፣ ያማልም። ይህ የሐኪም ሥራ ነው። እኛ በችኮላ የሚታየውን ነውር ቆርጠን ለመጣል ስንሞክር፣ ነውሩን ያመጣው ነገር በውስጥ እንዳለ ይቀራል።

በመጨረሻም ወፍ ለመግዛት ለሚያስቡ አንድ ነገር እናሳስባለን። ግራጫዋ በቀቀን በሰው እጅ ከ40 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። የጎለመሰ ሰው ሲገዛት፣ ከእርሱ በኋላ ማን እንደሚጠብቃት አብሮ መወሰን ይኖርበታል። ከዱር እየተያዘች ለገበያ በመቅረቧና ደኑ በመመንጠሩ በጋና የነበረው ቁጥሯ ከእ.ኤ.አ. 1992 ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ መመናመኑን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዚያው ዓመት በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት መንግሥታት ከዱር የተያዙትን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለንግድ ማዋል እንዲከለከል ወስነዋል። ስለዚህ ወፊቱ ከወዴት እንደመጣች ሳይጠይቁ መግዛት ጥፋቱን ማገዝ ሊሆን ይችላል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆች ስለ ፍጥረት ሲጠይቁአችሁ ከዚህ ትንሽ ጉዳይ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ልጆች እንስሳን መውደድ አያቅታቸውም፤ መውደድን ከእኛ መማር አያስፈልጋቸውም። ከእኛ ሊማሩ የሚገባቸው የሚወዱትን መመልከት፣ የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ የተረዱትንም በትዕግሥት መፈጸም ነው። በቤታቸው በቀቀን ባይኖር ዶሮ፣ ውሻ ወይም አህያ አለ፤ በደጃፋቸውም የታመመ ጎረቤት አለ። ይህን ልማድ በትንሹ ፍጥረት ላይ የጀመረ ልጅ፣ ነገ ያረጀች እናቱን ሲጦር የሚወደውን ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልጋትን አስቀድሞ ይጠይቃል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።